የቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽን ጉብኝት መቁጠር እንጂ አንባቢን አለመከታተል፦ ለሰሜን ሸዋ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የአሠራር መመሪያ

ሳይስተካከል የተተከለ የጉብኝት መለኪያ ስለ አንድ አንባቢ የሚይዘው መስመር ይህን ይመስላል፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡42፣ የመሣሪያው የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ 10.20.14.87፣ ቴክኖ ስልክ፣ የፍለጋ ቃል «የኤችአይቪ መድኃኒት ማቋረጥ»፣ ሦስት ገጽ ተከፈተ፣ ቆይታ 11 ደቂቃ። ስም የለበትም። ግን 10.20.14 የአንድ ማደሪያ ብሎክ መስመር ከሆነና የግቢው ዋይፋይ በተማሪ መለያ ቁጥር የሚከፈት ከሆነ፣ የዋይፋዩን መዝገብ ማየት የሚችል ሰው ያቺን ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲፈልግ የነበረው ተማሪ ማን እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ያውቃል። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ሊያውቅ አልፈለገም፤ የፈለገው ካታሎጉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ብቻ ነበር።

ይህ መመሪያ ቁጥሩን ሳናጣ ያንን መስመር እንዴት እንደምናስቀር ያሳያል። የታሰበው ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ላሉ፣ አንድ ወይም ሁለት የአይሲቲ ባለሙያና አንድ ሰርቨር ላላቸው ተቋማት ነው። ሊኑክስ ለሚያውቅ ሰው ሥራው የሁለት ሦስት ቀን ነው። ከሁሉም የሚረዝመው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ኮምፒውተር አይፈልግም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎቻችሁን ጻፉ

አንድ ወረቀት ለሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ጥያቄው፣ መልሱን የሚሰጠው ቁጥር፣ በመልሱ የሚወሰነው ውሳኔ። «ካታሎጉ በብዛት የሚከፈተው በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር?» ቁጥሩ የመሣሪያ ዓይነት ድርሻ ነው፤ ውሳኔው ገጹን ለስልክ ማስተካከል ነው። «በፈተና ሰሞን እስከ ስንት ሰዓት ይጠቀማሉ?» ቁጥሩ በየሰዓቱ የተከፈተ ገጽ ብዛት ነው፤ ውሳኔው በቴሌግራም ጥያቄ የሚመልሰው ተረኛ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው ነው። «የትኛው የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ገጽ ጨርሶ አይነካም?» ለዚህም ገጹ የተከፈተበት ብዛት ይበቃል፤ ውሳኔው ሥልጠና መስጠት ወይም ውሉን አለማደስ ነው።

ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ጥያቄ ሰርዙ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ፣ «አንድ ተማሪ በሴሚስተር ውስጥ ስንት ጊዜ ተመላለሰ» የሚሉት ሁሉ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ቦታ የሚለው በተለይ እንዳያታልላችሁ፤ በስልክ ኢንተርኔት የሚገባ ሰው አታዬም ይሁን ዓለም ከተማ፣ መለኪያው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ የስልክ ኩባንያዎች የብዙ ደንበኞችን ግንኙነት በጥቂት የጋራ አድራሻዎች በኩል ስለሚያሳልፉ ነው። ያልተማመናችሁበትን ቁጥር ለማግኘት ብላችሁ የሰው አድራሻ አትያዙ።

ወረቀቱን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና የአይሲቲ ኃላፊው ይፈርሙበት። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው «ይህንንም ብንጨምርበትስ?» ሲል የሚመለሰው ወደዚህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 2፦ ዛሬ ማን እየቆጠረ እንደሆነ እዩ

አዲስ ከመትከል በፊት የነበረውን መንቀል ይቀድማል። በኮምፒውተር ላይ አሳሹን በግል መስኮት ክፈቱ፣ ኤፍ 12ን ተጫኑ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ምረጡ፣ ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ ክፈቱ። ከእናንተ ተቋም ውጭ የሆነ የድረ ገጽ ስም በዝርዝሩ ላይ ከታየ፣ አንባቢው ገጹን በከፈተ ቁጥር ያ ድርጅት ይሰማል ማለት ነው። ዋናውን ገጽ ብቻ አይታችሁ አትቁሙ፤ የካታሎጉን ፍለጋ፣ የመጽሐፍ ዝርዝር ገጹን፣ የአባል መግቢያውን፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻውንም አንድ በአንድ ክፈቱ።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ ከጉግል የሚጫን የፊደል ቅርጽ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ፣ የፌስቡክ «ላይክ» ቁልፍ፣ የጉግል ካርታ፣ ከዓመታት በፊት አንድ የለቀቀ ባለሙያ የለጠፈው የጉግል አናሊቲክስ (የጉግል የጉብኝት መለኪያ) ኮድ። የዚህ መለኪያ የድሮው እትም፣ ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ መቁጠር አቁሟል፤ ኮዱ ግን በብዙ ገጽ ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። ለማንም የማይጠቅም ነገር ገጹን እያዘገየና አንባቢን እያጋለጠ ይኖራል። ንቀሉት። የፊደሉን ፋይል አውርዳችሁ ከራሳችሁ ሰርቨር አቅርቡ፤ በደካማ መስመር ላይ ገጹም ይፈጥናል። የፌስቡኩን ቁልፍ በተራ ሊንክ ተኩት፤ ተራ ሊንክ አንባቢው እስኪጫነው ድረስ ለማንም ምንም አይልክም። ለዩቲዩቡም የቪዲዮውን ሥዕል አስቀምጣችሁ ሊንኩን ከሥሩ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውን ምረጡ

ምርጫው በመሠረቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ምንም ኮድ ገጹ ላይ አለመለጠፍ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ገጽ ለመክፈት የሚመጣለትን እያንዳንዱን ጥያቄ መዝገብ (ሎግ) ላይ ይይዛል፤ ጎአክሰስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሎጉን አንብቦ ሪፖርት ያወጣል። ትንሽ ነው፣ ዳታቤዝ አይፈልግም፣ በአሮጌ ሰርቨርም ይሠራል። አይፒ አድራሻን የሚሸፍን፣ በገጹ አድራሻ (ሊንክ) ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ (?) በኋላ ያለውን ክፍል የሚጥልና የፍለጋ ሞተር ሮቦቶችን የማይቆጥር አማራጮች አሉት፤ ሦስቱንም አብሩ። ሮቦቶቹን ሳያጠፉ የሚወጣ ቁጥር ከእውነቱ እጅግ ይበልጣል፤ ራሳቸውን እንደ ሰው አሳሽ የሚያስመስሉት ደግሞ አጥፍታችሁም ይቀራሉ። ጥያቄያችሁ «የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ?» ብቻ ከሆነ ከዚህ በላይ አትሂዱ። ለአንድ ትንሽ ኮሌጅ ይህ ይበቃል፤ ምክራችንም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማቶሞ የሚባለውን የጉብኝት መለኪያ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መትከል ነው። ቀድሞ ፒዊክ ይባል የነበረው ነው፤ ስሙ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ይፈልጋል። በወር ከ100,000 ገጽ ለማይበልጥ ጉብኝት 2 ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራምና 50 ጊጋባይት ዲስክ ያለው አንድ ሰርቨር ይበቃዋል። ሪፖርቱ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህም ሳይስተካከል አደገኛ ነው። ፕሎዚብል የሚባለውም ያለ ኩኪ (ድረ ገጽ አንባቢውን ለማስታወስ አሳሹ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) የሚሠራ ቀላል አማራጭ ነው፤ በራስ ሰርቨር መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዳታቤዝ ጎን ለጎን ስለሚፈልግ ለአንድ ባለሙያ ጥገናው ይከብዳል።

ሦስተኛው ጉግል አናሊቲክስ ነው። የአሁኑ እትም አይፒ አድራሻ አያስቀምጥም፤ ይህ መሻሻል ነው። ቢሆንም በነባሪው ሁለት ዓመት የሚቆይ መለያ ኩኪ አንባቢው ስልክ ላይ ያስቀምጣል፣ የገጹን አድራሻና ርዕስ ወደ ውጭ ይልካል፣ መዝገቡም በእጃችሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የኦስትሪያና የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ተቋማት በየፊታቸው በቀረቡ አቤቱታዎች ላይ የወቅቱ አጠቃቀሙ ሕጋቸውን እንደሚጥስ የወሰኑት ዳታው ወደ አሜሪካ ስለሚሄድበት መንገድ ነበር። የተቋሙ አስተዳደር የግድ ይሁን ካለ ቢያንስ ጉግል ሲግናልስን (ጉብኝቱን ከሰዎች የጉግል መለያ ጋር የሚያገናኘውን) አጥፉ፣ የዳታ ማቆያውን 2 ወር ላይ አድርጉ፣ ካታሎጉና የአባል ገጾቹ ላይ ግን ጨርሶ አትለጥፉት።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ለማቶሞ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ማቶሞን ከመጀመሪያው ቀን አስተካክሉ

«በራሳችን ሰርቨር ላይ ስለሆነ ምስጢር ነው» የሚል እምነት በሰፊው አለ። ትክክል አይደለም። እንዲያውም ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ሲሆን አንድ ችግር ይጨምራል። ከግቢ ውጭ ያለ መለኪያ የግቢውን ሰው ሁሉ በአንድ የጋራ አድራሻ ነው የሚያየው፤ ግቢ ውስጥ ያለው ግን የእያንዳንዱን ስልክ የውስጥ አድራሻ ያያል። መግቢያው ላይ ያየነው 10.20.14.87 የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የግላዊነት ክፍሉን ገብታችሁ አይፒ መሸፈኛውን አብሩ፤ ስንት ባይት ይሸፈን ሲላችሁ ሦስት በሉ። አንድ ባይት ብቻ ብትሸፍኑ 10.20.14.0 ይቀራል፤ ብሎኩ ታወቀ ማለት ነው። ሁለት ባይት ብዙ ቦታ ይበቃል፤ ግን 10.20 ማደሪያ፣ 10.30 ቢሮ ተብሎ በተከፋፈለ ኔትወርክ ላይ አሁንም ይናገራል። በሦስት ባይት 10.0.0.0 ብቻ ይቀራል፤ «ከግቢ ውስጥ» ወይም «ከግቢ ውጭ» የሚለውን ለመለየት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። መሸፈኛው የሚሠራው ከበራበት ጊዜ ወዲህ ላለው ብቻ ነው፤ ለቀደመው መዝገብ እዚያው ገጽ ላይ የተለየ መሸፈኛ አለ፣ እሱንም አስኪዱት።

ቀጥሎ ኩኪን ማጥፋት ነው። ይህን ስታደርጉ ቁጥራችሁ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙዎች ቁጥሩ ሲወዛገብባቸው ተመልሰው ኩኪውን ያበራሉ። ያለ ኩኪ ማቶሞ ጎብኚን የሚለየው ከአሳሹ ዓይነት፣ ከቋንቋውና ከአድራሻው በሚሠራ፣ ከቀን በላይ በማይቆይ መለያ ነው። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ የመጣው ያው ሰው ሁለት ሰው ተብሎ ይቆጠራል። በተቃራኒው በኮምፒውተር ላብ ውስጥ ከአንድ ዋና ቅጂ የተጫኑ 40 ኮምፒውተሮች ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንደ አንድ ወይም እንደ ጥቂት ጎብኚ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የተከፈተ ገጽ ብዛት ግን በሁለቱም ሁኔታ አይዛባም። ሪፖርታችሁን በተከፈተ ገጽ ላይ መሥርቱ፤ «ስንት የተለያየ ሰው» የሚለውን ከቀን በላይ ለሆነ ጊዜ አትጻፉ።

የቀሩትን ቶሎ እንለፋቸው። የተጠቃሚ መለያ የሚያያይዘውን አገልግሎት አታብሩ። የአይጥ እንቅስቃሴና የስክሪን ቀረጻ ተጨማሪ ዕቃዎችን አትግዙ፤ አንባቢው የሚጽፈውን እስከማየት ይሄዳሉ። የቦታ መለያውን አጥፉ። የእያንዳንዱን ጎብኚ ጉዞ በመስመር የሚያሳየውን የጉብኝት ዝርዝርና የጎብኚ ገጽታ በአጠቃላይ ማስተካከያው ውስጥ ዝጉ፤ የሚዘጋው ግን ከሙከራው፣ ከደረጃ 7 በኋላ ነው። የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ አስተካክሉ።

ጥሬው መዝገብ ከ45 ቀን በኋላ በራሱ እንዲሰረዝ አድርጉ። ለምን 45? የወሩ ድምር የሚሠራው ከየቀኑ ድምር፣ የየቀኑም ከጥሬው መዝገብ ስለሆነ፣ ወሩ እስኪያልቅ ጥሬው ይቆይ፤ መብራት ጠፍቶ ወይም ዲስክ ሞልቶ ድምሩ ሳይሠራ ከቀረም ደግሞ ለመሥራት ሁለት ሳምንት ግድም ፋታ ይኖራችኋል። የቀን፣ የሳምንትና የወር ድምሮች ጥሬው ከተሰረዘ በኋላም ይኖራሉ፤ ለዓመታዊ ሪፖርት የሚያስፈልጋችሁም እነሱ ናቸው። ድምሩን በየሰዓቱ የሚሠራውን ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚነሳ የሰርቨር ሥራ) መትከል አትርሱ፤ ካልተተከለ ድምሩ የሚሠራው ሰው ሪፖርቱን ሲከፍት ብቻ ነው፣ ማንም ሳይከፍተው 45 ቀን ካለፈም የዚያ ጊዜ ቁጥር ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ ካታሎጉ

ዋናው አደጋ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ ላይ አሳልፉ። ዋናው ገጽ ስለ አንባቢው ብዙ አይናገርም። ካታሎጉ ግን ሰውየው የፈለገውን ቃል ይዟል።

ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ፕሮግራም ለምሳሌ እንውሰድ። አንባቢው ሲፈልግ የፍለጋ ቃሉ በገጹ አድራሻ ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ ይገባል። ማቶሞ ውስጥ በድረ ገጾች ማስተካከያ ሥር የማይመዘገቡ የአድራሻ ክፍሎች ዝርዝር አለ፤ የፍለጋ ቃሉን የሚይዘውን ክፍል እዚያ ጻፉ። የውስጥ ፍለጋ መከታተያውንም አጥፉ፤ በነባሪ የታወቁ የፍለጋ ክፍሎችን ራሱ እያወቀ ቃሉን ለብቻው ይሰበስባል። አብዛኛው ሰው ይህን ሁለት ነገር አድርጎ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ኮሃ የፍለጋ ቃሉን በገጹ ርዕስም ላይ ይጽፈዋል፤ የመጽሐፍ ዝርዝር ገጹም ርዕስ የመጽሐፉ ስም ነው። መለኪያው አድራሻውን ቢተውም ርዕሱን ይወስዳል። መፍትሔው ኮዱን ኮሃ ውስጥ ስትለጥፉ፣ ገጹ ከመቆጠሩ በፊት፣ አድራሻውንና ርዕሱን በቋሚ ስም እንዲተካ ማድረግ ነው፦ ፍለጋ ለሆነ ገጽ ሁሉ «የካታሎግ ፍለጋ»፣ የመጽሐፍ ዝርዝር ለሆነ ሁሉ «የመጽሐፍ ዝርዝር»። ማቶሞ ለሁለቱም ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለው። የትኛው መጽሐፍ በብዛት እንደሚፈለግ ማወቅ ከፈለጋችሁ የውሰት ቁጥሩ ከኮሃ ራሱ ይወጣል፤ በጉብኝት መለኪያ መሰብሰብ አያስፈልግም።

የአባል መግቢያ፣ የአባል ገጽ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያና የሠራተኞች መሥሪያ ገጽ ላይ ኮዱ ፈጽሞ እንዳይጫን ቅድመ ሁኔታ ጨምሩበት። አባሉ ከገባ በኋላ ኮሃ ስሙን ገጹ ላይ ስለሚያሳይ፣ የገባ ሰው ያየውን ሁሉ አለመቁጠር ከሁሉም ይሻላል።

ስለ አማርኛ ፍለጋ አንድ ነገር እንጨምር። የአማርኛ ቃል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር ይተካል። ረጅም፣ የማይነበብ ዝባዝንኬ ስለሚመስል «ማንም አያውቀውም» ብሎ የሚተወው ባለሙያ ብዙ ነው። ማንም ሰው አሳሹ ላይ ቢለጥፈው ወዲያው ተመልሶ አማርኛ ይሆናል። እንደ ግልጽ ጽሑፍ ቁጠሩት።

ኮሃን ከነካችሁ አይቀር፣ የውሰት ታሪክንም አብራችሁ አስተካክሉ። የአባላት ግላዊነት ማስተካከያው ሲበራ አባሉ የተመለሱ መጻሕፍት ዝርዝሩ እንዲጠፋ ራሱ መምረጥ ይችላል። ማስተካከያውን ከማብራታችሁ በፊት ግን «ስም የለሽ አባል» የሚባል አንድ ባዶ አባል ፍጠሩና ቁጥሩን በማስተካከያው ላይ ሙሉ፤ እሱ ካልተሞላ ታሪኩን የማጥፋት ሥራው ይሰናከላል። የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻችሁ ዲስፔስ ከሆነም የራሱን ጉብኝት ከነአይፒው እንደሚመዘግብ እወቁ፤ የቆየውን አድራሻ የሚሸፍን ትእዛዝ አለው፣ በክሮን አስገቡት።

ከካታሎጉ ወደ አሳታሚዎች ድረ ገጽ በሚወስዱ ሊንኮች ላይ ደግሞ አሳሹ «ከዚህ ገጽ ነው የመጣሁት» ብሎ አድራሻ ይናገራል፤ ይህ ሪፈረር ይባላል። አዳዲስ አሳሾች የድረ ገጹን ስም ብቻ ነው የሚናገሩት፤ የቆየ ስልክ የያዘ ተማሪ ግን ሙሉውን አድራሻ ከነፍለጋ ቃሉ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ የሪፈረር ፖሊሲውን ለራስ ድረ ገጽ ብቻ በሚለው አስቀምጡት። አንድ መስመር ናት። አንዳንድ አሳታሚ ደንበኛውን የሚያውቀው በሪፈረር ከሆነ ግን መግቢያው ይዘጋል፤ ለውጡን እንዳደረጋችሁ እያንዳንዱን ምዝገባ ከፍታችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ሎግና ባክአፕ

ማቶሞን አጽድቶ አፓቼን (ገጾቹን የሚያቀርበውን የሰርቨር ፕሮግራም) መርሳት በር ቆልፎ መስኮት መተው ነው። አፓቼም ሆነ ኢንጂን ኤክስ በነባሪ የእያንዳንዱን ጥያቄ ሙሉ አይፒ፣ ሰዓት፣ ሙሉ አድራሻ፣ የመጣበትን ገጽና የአሳሹን ዓይነት ይይዛሉ። የሎጉን አጻጻፍ ቀይራችሁ የመጣበትን ገጽና ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን አውጡ። አይፒውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይመከርም፤ የሚያጠቃ ሰው ሲመጣ ለመከላከል ያስፈልጋል። ይልቁንስ ሎግሮቴትን (የሎግ ፋይሎችን የሚቀያይረውን ፕሮግራም) በየቀኑ እንዲቀይርና ከ14 ቀን በላይ እንዳያቆይ አድርጉ። የጎአክሰስ ሪፖርት ካላችሁ ከመሰረዙ በፊት በየሌሊቱ ይውጣ። ከግቢ ውጭ ሆነው መጽሔት ለሚከፍቱ ተማሪዎች ፕሮክሲ (በተቋሙ ስም የሚያሳልፍ መግቢያ) ካላችሁ የእሱ ሎግ ከሁሉም ይከፋል፤ የተጠቃሚውን ስምና የከፈተውን ጽሑፍ በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጣል። አንዱን አውጡ።

ከዚያ ባክአፕ። ጥሬው መዝገብ በ45ኛው ቀን ይሰረዛል፤ የዳታቤዙ ቅጂ ግን መሳቢያ ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል። የማቶሞን ባክአፕ ከሌላው ለዩትና ከ45 ቀን በላይ አታቆዩት፤ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት የድምር ሠንጠረዦቹን ብቻ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሞክሩት

በላቲን ፊደልና በቁጥር የተሠራ፣ ማንም የማይፈልገው አንድ ቃል ምረጡ። በአማርኛ አይሁን፤ ከላይ እንዳልነው ፊደሉ ስለሚለወጥ ኖሮም አታገኙትም። በዋይፋይ ከተገናኘ ስልክ ካታሎጉን ከፍታችሁ ቃሉን ፈልጉ፣ አንድ መጽሐፍ ክፈቱ፣ ወደ አባል ገጽ ግቡ፣ ውጡ። አሥር ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ የማቶሞን ዳታቤዝ ወደ ፋይል አውጥታችሁ ቃሉን በግሬፕ (የሊኑክስ የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ) ፈልጉ። የሰርቨሩን ሎግም እንዲሁ። የስልኩን አይፒ በጉብኝት ዝርዝሩ ላይ እዩ፤ መጨረሻው 0.0.0 መሆን አለበት።

ቃሉ ከተገኘ ያለበት ቦታ ምክንያቱን ይነግራችኋል። «የካታሎግ ፍለጋ» በሚለው ቋሚ ስም ፈንታ በሙሉ የገጽ ርዕስ ውስጥ ከተገኘ የርዕሱ ትእዛዝ ገጹ ከተቆጠረ በኋላ ነው የሚሠራው፤ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። በአድራሻ ውስጥ ከሆነ ከዝርዝሩ የጎደለ የአድራሻ ክፍል አለ። በውስጥ ፍለጋ ሥር ከሆነ መከታተያው አልጠፋም። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ የሙከራ ጊዜውን መዝገብና ድምር በሙሉ ሰርዙ፤ አንዴ የገባ ቃል በድርጊቶች ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀራልና። ኮሃ ወይም ማቶሞ በታደሰ ቁጥር ይህን ሙከራ ድገሙት።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱ

የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ማቶሞ ግን የፈረንጅ ወር ነው የሚያውቀው። ስለዚህ «ወር» የሚለውን ትታችሁ ቀን ከቀን ምረጡ፦ አንደኛ ሩብ ዓመት ጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10፣ ሁለተኛው ኦክቶበር 11 እስከ ጃንዋሪ 8፣ ሦስተኛው ጃንዋሪ 9 እስከ ኤፕሪል 8፣ አራተኛው ኤፕሪል 9 እስከ ጁላይ 7። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ጊዜ መስከረም 30 ወደ ኦክቶበር 11፣ ታኅሣሥ 30ም ወደ ጃንዋሪ 9 ትገፋለች። ሰዓቱንም ስትጽፉ 6 ቀንሱ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ሌላ 12 ቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩ፤ ሪፖርቱ 21 ካለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ትንንሽ ቁጥሮችን ተጠንቀቁ። «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ገጽ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 2 ጉብኝት» የሚል መስመር ትምህርት ክፍሉ ውስጥ አምስት ተማሪ ብቻ ካለ ስም እንደመጥራት ነው። ከ10 የሚያንሰውን ሁሉ «ከ10 በታች» ብላችሁ ጻፉ። ጠቅላላ ድምሩ ከተጻፈና የተሸፈነው ረድፍ አንድ ብቻ ከሆነ ግን በመቀነስ ይገኛል፤ ሌላም ረድፍ አብራችሁ ሸፍኑ።

ለትምህርት ክፍሎችና ለአስተዳደር የማቶሞ መግቢያ አትስጡ። በየወሩ በኢሜይል የሚሄድ የፒዲኤፍ ሪፖርት ማቶሞ ራሱ ይልካል፤ ያ ይበቃቸዋል። ሙሉ ሥልጣን ያለው መግቢያ ለሁለት ሰው ብቻ ይሁን፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይቆለፍ፣ አንዱ ሲለቅ በዚያው ቀን ይዘጋ። አንድ ኃላፊ ወይም መምህር «እገሌ ምን እንዳነበበ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ብቻውን ይሉኝታ እንዳይዘው መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፦ ጥያቄው በጽሑፍ፣ በሕግ ሥልጣን ባለው አካል፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና ለሕግ አገልግሎቱ ይቅረብ።

ደረጃ 9፦ ለአንባቢው ንገሩ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዳታ ለተወሰነ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ እንዲያዝ ይጠይቃል፤ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍ ዳታም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደረጃ 1 ወረቀታችሁ ዓላማውን፣ የማቶሞ ማስተካከያችሁ መጠኑንና ጊዜውን ያሳያሉ፤ ሁለቱን በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

ማሳሰቢያው ግን በሕግ ቋንቋ አይጻፍ። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በሚገኝ ሊንክ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ይህን ድረ ገጽ ለማሻሻል ገጾቹ ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ እንቆጥራለን። ስምዎን፣ የመለያ ቁጥርዎንና የፈለጉትን ቃል ለዚህ ቆጠራ አንይዝም። የመሣሪያዎ አድራሻ ከመቀመጡ በፊት ይሸፈናል። የቆጠራው ዝርዝር መዝገብ ከ45 ቀን በኋላ ይሰረዛል። ለደኅንነት ሲባል ሰርቨሩ አድራሻዎን እስከ 14 ቀን ይይዛል። መቆጠር ካልፈለጉ ከታች ያለውን ሳጥን ይጫኑ።»

ሳጥኑን ማቶሞ ያዘጋጃል። ያለ ኩኪ በሚሠራ ገጽ ላይ ሳጥኑ «አትቁጠረኝ» የሚለውን ለማስታወስ ብቻ አንድ ኩኪ ያስቀምጣል፤ ይህንንም ከሥሩ ጻፉ። ጽሑፉን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ አዘጋጁ፣ አትማችሁም የንባብ አዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ከኮምፒውተሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ።